አረንጓዴው መብራት

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ ራስን መከላከያ መሣሪያ የሚሠራው የያዘው ሰው የምር ሲፈራ ብቻ ነው፤ የልብ ምቱን አዳምጦ አረንጓዴ ይበራል። የድንገተኛ ክፍል ነርሷ ትርሲት በሥልጠናው ላይ ከቀረቡላት መካከል በርበሬ የሚረጨውን መረጠች። አሠልጣኙ ሊሞክራት ወንበር አንስቶ ሲያንባርቅባት ግን መሣሪያዋ ብልጭ እንኳ አላለም።

“እህቴ፣ አንቺ እኮ ምንም አትፈሪም። ሌላ ምረጪ።”

“የሰካራም በሽተኛ ዱላ ለምጄ ነው” አለች እየሳቀች። “እስኪ ዛሬ ይዤው ልደር፤ ይለምደኝ ይሆናል።”

ሲመሽ ቤቷ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ የባሏ መኪና ግቢ ገባ። የሹራቧ ኪስ አረንጓዴ በራ። እሱ በሩን ሳይከፍት መሣሪያውን ሽሮ ዱቄት ውስጥ ቀበረችው።

በማግስቱ መሣሪያውን ለአሠልጣኙ መለሰችለት።

“እውነትህን ነው” አለችው። “አይሠራም።”