በሩ ላይ የተቀመጡት አማት

ስንዱ ከወለደች ሳምንት አልፏታል። እናቷ በሕይወት የሉም፤ ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነውና ጭነት ሊያመጣ ጅቡቲ ወርዷል። ሊያርሷት ከገጠር የመጡት የባሏ አባት፣ አቶ ደርሰህ ናቸው። ሽማግሌ ወንድ ገንፎ ሲያገነፋ ያዩ የሰፈር ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እውነትም ገንፎው ይጓጉላል፤ አጥሚቱም ያርራል። እሳቸው ግን የሕፃኑን ጨርቅ ሳይቀር ያጥባሉ።

ስንዱ እንቅልፍ ካየች ቆይታለች። ወገቧን ይቆረጣጥማታል፤ ጡቷ ቆስሏል። ከሁሉም የመረራት ግን ከአልጋ እንዳትወርድ መከልከሏ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጁ ሲተኛላት ቀስ ብላ ተነሳች። አማቷ በሩ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠው መውጫውን ዘግተውታል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ደጁን ልጥረግ፣ አባባ። ደኅና ነኝ እኮ።»

«ተመለሺና ተኚ።»

«እስረኛ አደረጉኝ! የእርስዎ ሚስት ስትወልድም እንዲህ ነበር የሚጠብቋት?» አለች በምሬት። ወዲያው ግን ደነገጠች። ባሏ፣ እናቱ እሱን ሲወልዱ እንደሞቱ ነግሯታል።



«ስትወልድ አይደለም የሞተችው» አሉ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው። «በአሥረኛው ቀን፣ ደም እየፈሰሳት ወንዝ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ ነው። አልቻልኩም ብላኝ ነበር። ተነሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ ይህን አያውቅም።»

ስንዱ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ አልጋዋ ተመለሰች።