ሳይወለዱ ያደጉ ልጆች

ተርቧ ጠረጴዛውን በጥፊ ስትመታው የኃላፊው እስክሪብቶ ተንከባሎ ወደቀ።

በሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ተርቧ» ቱግ ባይነቷ ያወጣላት ቅጽል ነው። እናቷ እንኳ በተናደደች ቁጥር፣ «አንቺማ ስትመጪም ጥርስ አብቅለሽ ነው» ይሏታል። ዛሬ ግን በቂ ምክንያት ነበራት።

ሁለት ወር ሙሉ የአገሯንና የጎረቤቱን አገር የልጆች ቁጥር፣ የአርባ ዓመቱን፣ ጎን ለጎን ስትደረድር ከርማለች። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ለከርሞ ሦስት ይሞላዋል። ሊሞት ይችላል። ከሰማይ ግን አይወርድም።

የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ወርዷል። የተወለደው ሕፃን ቁጥር እንደ ወትሮው ሆኖ ሳለ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ልጆች በአንድ ጊዜ በሁለት ሺህ ጨምረዋል። በዚያው ዓመት ከድንበሩ ወንዝ ማዶ፣ በጎረቤት አገር፣ ሁለት ሺህ ጎድለዋል፤ እዚያ ጦርነት ስለነበር አልቀው ነው ብላ አለፈችው። ያበገናት የራሷ አገር ቁጥር ነው። በየቅጹ ግርጌ ያለው ፊርማ የኃላፊው ነበር።

«ነገ ሰንጠረዡ ጋዜጠኞች ፊት ይቀርባል» አለች። «እነዚህን ልጆች ማን ወለዳቸው? እርስዎ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! የጎረቤት ልጅ እያለቀ የኛ በዛ ብሎ ለመኩራራት ነው፣ አይደል? በሌሉ ልጆች ሹመት!»

ሽማግሌው ጠማማ ሌባ ጣታቸውን አሻሹ። ምን ነክቶት እንደሆነ ሲጠየቁ «የሥራ ጉዳት ነው» ከማለት አልፈው አያውቁም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል።

«ተይው ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ!»

ንዴት ሲያንጨረጭራት እንደ ልማዷ የቀኝ ክንዷን የክትባት ጠባሳ አከከች። የባልደረቦቿ ሁሉ በግራ ክንዳቸው ነው። «ሐኪሙ ፈርቶሽ በዚያኛው በኩል ዞሮ ነው የወጋሽ» እያሉ ይስቁባታል።

ኃላፊው ተነሥተው በሩን ቆለፉት። ከብረት ቁም ሣጥኑ በሲባጎ የታሰረ ማኅደር አወጡ።

«አጥፍተው ሊገላገሉ ነው?» አለች።

«ከነሱ የጎደሉት አልሞቱም» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ ወታደሮች ቤት ለቤት ሰው እየለቀሙ ሲገድሉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በድልድዩ ለቀቁልን። የኛ ሕግ ደግሞ እዚህ ያልተወለደ ሁሉ ይመለስ ይል ነበር። ድልድዩ ላይ የነበርኩት መዝጋቢ እኔ ነኝ። እዚህ ተወለዱ ብዬ ጻፍኩ፤ ልጅ ላጡ ሰዎች ሰጠናቸው። ሕጉ ዛሬም አልተሻረም። ነገ ብታወጪው ለቅመው ይመልሷቸዋል።»

ተርቧ በንዴት ሳቀች። የተያዘ ሌባ መቼ ተረት አጥቶ ያውቃል!

«ሁለት ሺህ ሰው አድጎ አንዱም ሳይታይ ቀረ? ይልቅ ካሉ አንዱን ያሳዩኝ! አንድ ብቻ!»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሲባጎውን ፈቱ።

«እውነተኛውን ለራሴ መዝግቤው ነበር» አሉና ቢጫ የሆነ ቅጽ አቀበሏት። «የመጨረሻዋ ናት።»

ነጥቃቸው አነበበች። የትውልድ ቦታ፣ ማዶ። ተረካቢ የሚለው ላይ የእናት ስም በስስ እርሳስ ተጽፎ ደብዝዟል። ከግርጌ፣ ምርመራ በሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የኃላፊው የወጣትነት የእጅ ጽሑፍ አለ፦

«ሴት። አራት ዓመት ገደማ። በቀኝ ክንዷ የክትባት ጠባሳ። ስሟን ስጠይቃት ሌባ ጣቴን ነከሰችው።»