ለሙከራ የገባ ስም

የሠራተኛውን ሁሉ ስም የያዘው ሰርቨር ከተበላሸ ወዲህ ሆስፒታሉ ውስጥ አንድም ኮምፒውተር አልከፈት ብሏል። ቴክኒሻኑ የአዲሱን የስም መመዝገቢያ ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ አውርዶ ከዜሮ እየገነባው ነው፤ ሊጭነው በሞከረ ቁጥር ይከሽፍበታል። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ፣ "ኧረ ወንድሜ፣ የሰው ነፍስ ነው!" ትለዋለች።

በስንት መከራ ተጫነ። ገና ባዶ ነው፤ ማንም አልተመዘገበበትም። ለሙከራ የራሱን ስም ጻፈ።

"ይህ ስም አስቀድሞ ተመዝግቧል።"

"ደግሞ ማን መዘገበው?" ብሎ በንዴት ስሙን ሰረዘው።

ወዲያው ሁሉም ነገር ሠራ። እፎይ ብሎ ሚስቱ ጋ ደወለ።

"ተገላገልኩ፣ የኔ እመቤት! መጣሁ።"

"ይቅርታ፣ ማን ልበል?"

"አትቀልጂ እንጂ፣ እኔ ነኝ!"

"እኮ፣ እርስዎ ማን?"

ስሙን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ስሙ የለም።