ከጥሪው ስድስት ሰዓት ቀድሞ የደረሰው ባጃጅ

"ሰኞ ሰባት ከሃያ ላይ የት ነበርክ?"

"ሰባት ከሃያ?... ምሳ እየበላሁ ነበር፣ ቦስ። ሩዝ በዓሣ።"



ሥራ አስኪያጁ ማሳዌ ከወንበሩ ተነሳ። "እናቴ ደጃፏ ላይ ወድቃ ስታጣጥር አንተ ዓሣ ትግጣለህ? በቃ! የባጃጁን ቁልፍ አምጣ!"

ምዜ ሸባኒ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ምን እንዳጠፉ እንኳን በቅጡ አልገባቸውም።

ዳሬሰላም ነው። ድርጅቱ በስልክ ለሚጠሩት ሕመምተኞች ባጃጅ እየላከ ሆስፒታል ያደርሳል። ሸባኒ ከነጂዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ናቸው፤ ሰው ሁሉ "ምዜ" የሚላቸው ለሽምግልናቸው ክብር ነው። ባጃጁ ግን የድርጅቱ ነው። ከተባረሩ ባዶ እጃቸውን ነው ቤት የሚገቡት።

ሰኞ ዕለት የማሳዌ እናት ድንገት አመማቸው። እንደምንም በስልካቸው ባጃጅ ጠሩና ደጃፍ ላይ ወደቁ። ሲስተሙ ጥሪውን ለሸባኒ ላከ... ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

እናትየውን ያተረፋቸው አንድ ያልታወቀ ሰው ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ እንዳለው ባለ ባጃጅ ነው፤ አቅፎ አስገባቸው፣ ስሙንም ሳይናገር ሄደ።

ማሳዌ ያንን ሰው ሲመርቅ ይውላል። "ባገኘው እግሩ ሥር እወድቃለሁ" ይላል። ሸባኒን ደግሞ ይረግማል።

"ማስረጃውን አውጪልኝ" አላት ሬሄማን፣ የድርጅቱን ፕሮግራመር። "የስንብት ደብዳቤውን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።"

ሬሄማ ቀላል መስሏት ነበር...

አንድ ጥሪ ብዙ ኮምፒውተሮችን ያልፋል። አንዱ ይቀበለዋል፣ አንዱ ቅርብ ያለውን ነጂ ይፈልጋል፣ አንዱ ለነጂው ስልክ ይልካል። ሁሉም ያየውን በየራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ ጎረቤቱ ምን እንደጻፈ አያውቅም። ጥሪው ግን ከበር ወደ በር ሲሄድ አንድ ቁጥር ይዞ ስለሚዞር፣ በቁጥሩ ዱካውን መከተል ይቻላል።

ተከተለችው። የመጀመሪያው መዝገብ ላይ አለ። ሁለተኛው ላይም አለ። ሦስተኛው "7፡20 ለሸባኒ ተልኳል" ይላል።

የሸባኒ ስልክ መዝገብ ላይ... የለም!

ለካ በዚያች ቅጽበት ኔትዎርክ ተቆራርጦ ስልኩ የጥሪውን ቁጥር ጥሎታል። በቁጥሩ ካልተገኘ በሰዓቱ ልፈልገው አለች። 7፡20ን ፈለገች። የሸባኒ ባጃጅ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሟል።

"ወይ ምዜ... ምን ነካዎት?" አለች ለራሷ። በጣም አዘነች።

ተስፋ ቆርጣ ወደ ላይ ስታነብ ግን ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀረ። ያው ሰኞ፣ 1፡20። ሸባኒ ጥሪ ተቀብለዋል። ከማሳዌ እናት ደጃፍ ተነስተው ወደዚያው ሆስፒታል ሄደዋል።

ከጥሪው ስድስት ሰዓት ቀድመው!

ጭንቅላቷን ያዘች። ሰውየው ነቢይ ናቸው እንዴ? ሴትየዋን ሳይወድቁ ነው ያነሷቸው? ዓይኗን አሽታ እንደገና አነበበች... ያው ነው።

ለማሳዌ አሳየችው። እሱ እቴ! "በድርጅቱ ባጃጅ የግል ሥራ ሲሠራ ነዋ! እሱንም ጥፋት ጨምሪበት!"

ሬሄማ ይብስ ግራ ገባት። መዝገብ ከመዝገብ ጋር ማስታረቁ ሲያቅታት፣ እስከዚያች ሰዓት ማንም ያላሰበውን አደረገች። ወርዳ ሰውየውን ልትጠይቃቸው ሄደች።

ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል።

"ሺካሞ፣ ምዜ" አለች ጎንበስ ብላ፣ ታናሽ ለታላቅ እንደሚለው።

"ማራሃባ፣ ልጄ። ስልኩም ቀርቷል መሰለኝ... እንኪ።"

ተቀበለች። የሸባኒ ስልክ 4፡05 ይላል። የእሷ 10፡05 ይላል።

"ምዜ... ስልክዎ ተበላሽቷል።"

"ምኑ ነው የተበላሸው? አራት ሰዓት አይደለም እንዴ? ሲሰጡኝማ እብድ ነበር! ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እሱ ሰባት ነው ብሎ ድርቅ! እኔ ነኝ ወደ ልቡ የመለስኩት!"

ሬሄማ ሳቋም እንባዋም አብረው መጡ።

ገባችሁ አይደል? የዳሬሰላም ሰው እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጥሪው የገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር! ኮምፒውተሩ 7፡20 ብሎ ጻፈው፤ ምዜ ያስተካከሉት ስልክ ደግሞ 1፡20 ብሎ መዘገበው። ማሳዌ "ሰባት ከሃያ" ያለው ከኮምፒውተሩ እያነበበ ነው፤ ምዜ ደግሞ ምሳ ሰዓት መሰላቸውና እውነቱን ተናገሩ።

እናንተም እስካሁን ምሳ ሰዓት መስሏችሁ በሽማግሌው ፈርዳችሁ ነበር... እውነት አይደለም?

ሬሄማ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቢሮ አስገባቻቸው።

"ቦስ፣ እግሩ ሥር እወድቃለሁ ያልከው ሰው መጥቷል።"

ማሳዌ ብድግ አለ። ከሸባኒ ትከሻ በላይ ወደ በሩ ተንጠራርቶ አየ። "የታለ? የታለ ሰውየው?"

ሬሄማ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማሳዌ አየ። ደግሞ አየ። ፊቱ እየተለወጠ ሄደ።

"ሰኞ ጠዋት... ከደጃፍ ያነሳሃት... ያነሷት ሴት..."

ምዜ ሸባኒ ስለ ቁልፉ አልጠየቁም። ስለ ሥራቸውም ትንፍሽ አላሉም።

"እናትህ ነበሩ እንዴ?" አሉ። "ተመልሼ ሄጄ ብጠይቅ ዘበኛው ተቀይሮ፣ አዲሱ አላውቅም አለኝ። እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት... ልጄ፣ ዳኑ?"

"ድነዋል" አለ ማሳዌ። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ፣ ሽማግሌው ከተቀጠሩ ጀምሮ አንድም ቀን ብሏቸው የማያውቀውን ቃል ጎንበስ ብሎ ተናገረ።

"ሺካሞ፣ ምዜ።"

...

ወዳጆቼ፣ መዝገቡ አልዋሸም። ምዜም አልዋሹም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ማሳዌ የሚመርቀውና የሚረግመው ሰው አንድ መሆኑን ሳያውቅ ሊያባርረው ነበር። ሰው የሚናገረው በራሱ ሰዓት ነውና "ዋሸ" ከማለታችን በፊት ወርደን እንጠይቀው።

እስቲ እናንተም አጫውቱን... ሳትጠየቁ በሌላ ሰው ሰዓት ተለክታችሁ ጥፋተኛ የተባላችሁበት ቀን አለ? ወይስ ዛሬ ሄዳችሁ "ሺካሞ" ልትሉት የሚገባ ሰው ትዝ አላችሁ?