የሀናን ክፍል ጭነት

«አንድ ኩንታል ጨምርበት» ይላሉ ጋሽ አሕመድኑር፣ ምድር ቤት ሳሎናቸው ውስጥ ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፔ እያስጠጉ።

እጨምራለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሶሌታ፣ የላይኛው ክፍል ወለል፣ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ሶፍትዌሩን የሠራሁት ለማስተምራቸው የምህንድስና ተማሪዎች ነው፤ ሸክም ሲበዛበት ቤቱ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል። ለዕረፍት መካነ ሰላም ስመጣ፣ ጎረቤታችን ጋሽ አሕመድኑር ከገባቸው ተማሪዎቼም ይገባቸዋል ብዬ የራሳቸውን ፎቅ አስገባሁላቸው። ልጃቸው ሀናን ከጅዳ በላከችው ገንዘብ የተሠራ ነው። ላይኛው ክፍል የሷ መኝታ ነው ብለውኛል።

«መኝታ ቤት ውስጥ ኩንታል ምን ይሠራል?» እላለሁ።

«ለምሳሌ ነዋ! ተማሪህንም እንዲህ ታቋርጠዋለህ? ሠላሳ አድርገው።»

መሀሉ ቢጫ ይሆናል።

ጋሽ አሕመድኑር እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቢጫ አያስፈራቸውም። «ስልሳ ቢሆንስ? የደጎሎ ስንዴ ነው እንበል። ደረቅ ነው፣ አይከብድም።»

«ኩንታል ኩንታል ነው፣ ጋሼ።»

ስልሳ ስሞላ ሶሌታው ቀይ ሆኖ ወደ ታች ይጎብጣል።

«አሁንስ አጋነንክ!»

«እንዲታይ ብዬ ጉብጠቱን አጋንኜዋለሁ። ቀዩን ግን አላጋነንኩም።»

«በል ትንሽ ቀንስለት። ሃምሳ አምስት።»

ቀይ።

«ሃምሳ። ወላሂ ከዚህ አልወርድም!»

ቀይ። እጄን ከኪቦርዱ አነሳለሁ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እላይ ስንት አለ?»

ወደ በሩ ሰረቅ አድርገው ያያሉ። «ስልሳ አራት» ይላሉ በሹክሹክታ።

ባለቤታቸው እትዬ ዙሀራ በሩ ላይ ቆመዋል። «ከቀዩ ስር ያለው የማን ክፍል ነው?»

«የእናንተ መኝታ» እላለሁ።

«የሀናን ክፍል ቁልፍ ጠፋ ያልከኝ ለዚህ ነው፣ አንተ ሰውዬ?»

«አብሽሪ፣ ዋጋው ከፍ እስኪል ብቻ…»

«ዋጋው ከፍ እስኪል ቤቱ ዝቅ ይበል?»

ሦስታችንም ወደ ኮርኒሱ ቀና እንላለን።

«ዛሬውኑ መውረድ አለበት» እላለሁ።

«ጁምዓ አይደል? ሸካሚ ከየት ይመጣል? ነገ።»

እትዬ ዙሀራ አይከራከሩም። መኝታ ቤት ገብተው ፍራሻቸውን እየጎተቱ ይወጡና ደረጃውን ይጀምራሉ።

«ወዴት ነው?»

«ከስንዴው ስር ከማድር ስንዴው ላይ አድራለሁ። አንተ እታች እደር!»

ጋሽ አሕመድኑር ወደ እኔ ጎንበስ ይላሉ። «እስቲ ፍራሹን ጨምርና እየው።»

ፍራሹን እጨምራለሁ። ከዚያ ጣቴ ይቆማል፤ የእትዬ ዙሀራን ክብደት ሊጠይቅ የሚደፍር ከሁለታችን የለም።

ጋሽ አሕመድኑር ጠፋ ያሉትን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ተከትለዋቸው ይወጣሉ። ላግዝዎ ብዬ ብነሳ «አንተ ማሽኑን ጠብቅ!» ይሉኛል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ኩንታል ደረጃውን እየነጠረ ይወርዳል። እሳቸው በሆዳቸው ግድግዳው ላይ ተደግፈው፣ እያለከለኩ፣ አንገታቸውን ብቻ ወደ እኔ ያሰግጋሉ።

«አሁንስ?»

ስልሳ ሦስት ብዬ ላፕቶፑን ወደ ደረጃው አዞርላቸዋለሁ። ፊታቸው በስክሪኑ ብርሃን ቀይ ይሆናል።