የሳሃት ሦስት ድምፅ

ሳሃት በእናቱ ቀብር ላይ ሊዘምር ማይኩን ሲጨብጥ፣ ሁለቱ ወንድሞቹ ከሬሳ ሣጥኑ ማዶ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር። እናታቸው በሦስት ድምፅ ሸኙኝ ብላ ነበር። ሳሃት ግን አንዱን ድምፅ ሦስት የሚያደርግ ማሽን ከገዛ ወዲህ ከወንድሞቹ ጋር ዘምሮ አያውቅም።

«አንተ፣ ወንድሞችህ እዚህ ቆመው ከዕቃ ጋር ልትዘምር?» አለችው አክስቱ።

«አክስቴ፣ ማሽኑ እንደ እነሱ አያረፍድ፣ የዘንባባ ጠጅ አይጠጣ!» አለና እግሩ ሥር ያለውን የማሽኑን ቁልፍ ረገጠ።

ሦስት ሳሃት በአንዴ ዘመረ። ከመንደሩ በታች ያለው የቶባ ሐይቅ ዓሦች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ቀሰሩ ቢባል ውሸት የለውም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «እናቴ» ሲል ግን ሳግ አነቀው። ድሮ እሱ ትንፋሽ ሲያጥረው ወንድሞቹ ዜማውን ይዘው ይጠብቁት ነበር። አሁን ሦስቱም ድምፅ አብሮት ታነቀ።

ቀና ሲል የታናሽ ወንድሙ ደረት እንደ ድሮው አየር ስቦ ተነፍቷል፤ አንድ ጥቅሻ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሳሃት አፈረና፣ የተበላሸ ነገር ያለ ይመስል ማሽኑ ላይ አጎነበሰ። እንደገና ቀና ሲል ወንድሙ የሳበውን አየር ያለ ዜማ ተንፍሶት ነበር።