ይታተም

ሠራተኞቹ የመንግሥትን ማተሚያ ቤት ከተቆጣጠሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ሰልፈኞቹ ሲኒማ ራስ ደርሰው በራሪ ወረቀቱን ይጠብቃሉ፤ አታሚው ጋሼ ሙሉብርሃን ግን የማተሚያ መኪናውን አላስነሳም አሉ።

«‹ይታተም› የሚለው ፊርማ የታለ? ሠላሳ ዓመት ያለ ፊርማ አትሜ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ ፈራሚው እኮ ሸሽቷል። ሄደን እናምጣልዎት?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

እሳቸው አልሳቁም። የማተሚያ ቤቱ ጽሑፍ አራሚ የሆነችው ልጅ እስክሪብቶዋን አነሳች። ነገ ነገሩ ቢገለበጥ መጀመሪያ የሚታሰረው የፈረመው ሰው እንደሆነ ታውቃለች። ከበራሪ ወረቀቱ ጽሑፍ ግርጌ «ይታተም» ብላ ጻፈች፤ ስሟንም ከነአባቷ ስም አሰፈረች።

ጋሼ ሙሉብርሃን መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ስሟ ያለበትን ጥግ ቀደዱና አፋቸው ውስጥ ከተው አኘኩት።

«አይቻለሁ» አሉና መኪናውን አስነሱ።